ቀስ በቀስ፦ በናይሮቢ ልዩ ትምህርት ቤት ያየነው



ይህችን ጽሑፍ የምናቀርበው ባልና ሚስት ሆነን ነው። ብዕሩን የያዘው አንዳችን ቢሆንም ቃሉ የሁለታችን ነው። የቤታችንን ገመና ማውጣት ደስ ብሎን አይደለም፤ ነገር ግን ስለ ሰው ልጅ ከመናገር በፊት ስለ ራስ ልጅ መናገር ይገባል ብለን ስላመንን ከራሳችን ቤት እንጀምራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የበኩር ልጃችን ዛሬ 14 ዓመቱ ነው። ሲወለድ ምጡ ሁለት ቀን ፈጀ፤ ከተወለደም በኋላ ቶሎ አላለቀሰም። አዋላጇ ብዙ ደክማ ድምፁ ሲሰማ "እግዜር ማረን" ብለን እልል አልን። ይሁን እንጂ እኩዮቹ ሲድሁ እሱ አንገቱን አላቀናም፤ እኩዮቹ አፍ ሲፈቱ እሱ ገና መቆም ይለማመድ ነበር። በሦስት ዓመቱ ደግሞ የሚጥል በሽታ ጀመረው። ያልተባልነው የለም። "የእናቱ እርግማን ነው" ያሉ ነበሩ፤ "የአባቱ ኃጢአት ነው" ያሉም ነበሩ። እኛም እርስ በርሳችን ሳንባባል አልቀረንም። ጠበል ወሰድነው፤ ስለት ተሳልን፤ ሲጥለውም ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ክብሪት እየጫርን አሸተትነው።

ካኩማ ከገባን በኋላ ነገሩ ባሰ። ራሽን በሚሰጥበት ቀን ሰልፉ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ውኃ ለመቅዳትም ተራ አለ። ልጁ በሩን ክፍት ካገኘ ይወጣል፤ ከወጣ መመለሻውን አያውቅም። የታራች ወንዝ ደርቆ ከርሞ ዝናብ ሲመጣ በድንገት ሞልቶ ሰው እንደሚወስድ ደግሞ በመካከላችን የማያውቅ የለም። ስለዚህ አንድ ቀን ወገቡን በገመድ አሰርንና ገመዱን ከቤቱ ምሰሶ ጋር ቋጠርነው። ለአንድ ሰዓት ብለን ነበር። ለአንድ ሰዓት የታሰረው ልጅ ሦስት ዓመት ታሰረ።

ይህን መጻፍ ለኛ ቀላል አይደለም። የጻፍነው በዚህ ሠፈር ውስጥ ገመድ ያለበት ቤት የኛ ብቻ እንዳልነበረ ስለምናውቅ ነው።

በ2022 ልጃችን ለሕክምና ወደ ናይሮቢ እንዲሄድ የጉዞ ፈቃድ አገኘንና ኢስሊ ከአንድ ዘመዳችን ቤት ዐረፍን። ሐኪሙ ለሚጥለው በሽታ በየቀኑ በሰዓቱ የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘለት። "ለአእምሮውስ?" ብለን ስንጠይቀው ግን "ለሱ የሚዋጥ ነገር የለም፤ ትምህርት ቤት አስገቡት" አለን። የቀለደብን መሰለን። ስሙን መጥራት የማይችል፣ ሽንቱን የማይቆጣጠር ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ ምን ሊሆን ነው? ትምህርት ቤቱ ለጤነኞቹስ መቼ በቃ?

ከዚያ የተላክነው ወደ አንድ የምዘና ጣቢያ ነበር። በኬንያ እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች መቋቋም የጀመሩት በ1984 ሲሆን፣ ሥራቸው ልጁን መዝኖ ወደሚስማማው ትምህርት ቤት መላክ ነው። መዛኟ ከልጁ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። እኛ የማይችለውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረዘርንላት፤ ለምደነዋልና ለመዘርዘር አልከበደንም። አድምጣን ስታበቃ "አሁን ደግሞ የሚችለውን ንገሩኝ" አለችን። ዝም አልን። በ11 ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም፤ እኛም ራሳችንን ጠይቀን አናውቅም። ከብዙ ማሰብ በኋላ "ዘፈን ሲሰማ ያጨበጭባል" አልናት። ያንኑ ጻፈችው። በኋላ እንደተረዳነው ትምህርቱ የተጀመረው ከዚያችው መስመር ነው።

ስለ ትምህርት ቤቶቹ ጥቂት እንበል። ናይሮቢ ውስጥ የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ላለባቸው ልጆች ማስተማር የተጀመረው በቅኝ ግዛት ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ይህም በቀለም የተከፋፈለ ነበር፤ ቅዱስ ኒኮላስ ይባል የነበረው ትምህርት ቤት የጥቁር ልጅ የሚገባበት አልነበረም። ከነጻነት በኋላ ግን ጃካራንዳ የሚለውን ስም ይዞ ዘር ሳይለይ የሚቀበል ሆነ። በ1986 ለዚህ ሥራ መምህራንን የሚያሠለጥነው የኬንያ የልዩ ትምህርት ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ የሚገኘውም ካሳራኒ ነው። በ2003 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በነጻ እንዲሰጥ ሲታወጅ፣ በዚያው ዓመት ሲቲ በሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ክፍል ተከፈተ።

በሀገራችንም አዲስ አበባ ላይ እንደ ኮከበ ጽባሕ ያሉ ትምህርት ቤቶች ለነዚህ ልጆች ልዩ ክፍል ከፍተዋል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስም የገዛ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ በ2002 ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል አቋቋሙ። በ2021 ዐረፉ። ልጅን መደበቅ በተለመደበት አገር ልጃቸውን ይዘው አደባባይ የወጡ እናት ነበሩ።

የማስተማሪያው ዘዴ ደግሞ ከዚህም የቆየ ነው። በ1800 ፈረንሳይ አገር ጫካ ውስጥ ብቻውን ሲኖር የነበረ የማይናገር ልጅ ተገኘ። አዋቂ የተባሉት "ይህ አይማርም" ሲሉ ኢታር የተባለ ወጣት ሐኪም ወስዶ ለዓመታት አስተማረው። ልጁ መናገር ባይሆንለትም ብዙ ነገር ተማረ። የኢታርን ሥራ ሴጋን የተባለው ደቀ መዝሙሩ አስፋፋው። ከመቶ ዓመት በኋላ ማሪያ ሞንቴሶሪ ሮም ላይ የሁለቱን ጽሑፎች አጥንታ እንዲህ ያሉ ልጆችን አስተማረችበት፤ በ1907 ደግሞ ለሌሎች ሕፃናት አዋለችው። ዛሬ በአዲስ አበባም በናይሮቢም በግል መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ "ሞንቴሶሪ" ተብሎ የሚለጠፈው ይኸው ነው። የሀብታም ልጅ የሚከፍልበት ዘዴ የተገኘው ማንም ካልፈለጋቸው ልጆች ነው ማለት ነው።

ወደ ልጃችን እንመለስ። የተመደበው በአንድ የመንግሥት ልዩ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ከኢስሊ ለመድረስ ሁለት ማታቱ እንሳፈር ነበር። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ሜዳ ላይ ሲሯሯጡ እሱ ወደ በረንዳው ሄዶ ምሰሶ ሥር ቁጭ አለ። ማንም አላሰረውም፤ ግን ከዚያ አልተነሣም። መምህርቷ ወደሱ አየች፤ ወደኛ አየች፤ ሸሚዙን ገለጥ አድርጋ ወገቡ ላይ ያለውን ጠባሳ አየች። ልትቆጣን ነው ብለን አንገታችንን ደፋን። እሷ ግን "ነገ ከምሰሶው አንድ ርምጃ ራቅ አድርገን እናስቀምጠዋለን" አለች። እንዳለችውም አደረገች። ከምሰሶው ተነሥቶ እስከ ክፍሉ በር ለመድረስ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። እኛ "መቼ ይሆን?" እያልን ስንጨቀጭቃት መልሷ አንድ ነበር፤ "ፖሌ ፖሌ።" የኛ አባቶች "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይላሉ። ተረቱን ስንተርተው ኖረናል፤ ሲሠራበት ያየነው ግን እዚያ ነው።

ሌላም ነገር እናንሣ። ኬንያውያን ወላጅን በልጁ ስም እንደሚጠሩ ታውቃላችሁ፤ ማማ እገሌ፣ ባባ እገሌ ይላሉ። እኛ በሠፈራችን የምንታወቀው በታናሽ እኅቱ ስም ነበር። በትምህርት ቤቱ በር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በእሱ ስም ተጠራን። የተጠራነው እኛ መሆናችንን እስክናውቅ ቆይተን ነው "አቤት" ያልነው።

አሁን ትምህርቱ እንዴት እንደሚሰጥ እንንገራችሁ፤ የጽሑፋችን ዋና ቁም ነገር ይኸው ነውና።

አንደኛ፣ ልጆቹ የሚመደቡት በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በችሎታቸው ነው፤ እያንዳንዱም ልጅ የራሱ ዕቅድ አለው። ለልጃችን በመጀመሪያው ሦስት ወር የተጻፈለት ሦስት ነገር ብቻ ነበር፤ በማንኪያ መብላት፣ ሽንቱ ሲመጣ በእጁ ምልክት መስጠትና ስሙ ሲጠራ ዘወር ማለት። እኛ "ፊደልስ?" ብለን ነበር። መምህርቷ "ፊደል የሚቆጥር ግን ሰው የሚያጎርሰው ልጅ ትፈልጋላችሁ ወይስ ራሱ የሚበላ?" አለችን።

ሁለተኛ፣ ማናቸውም ሥራ ወደ ትናንሽ ሥራዎች ይከፋፈላል። ካናቴራ መልበስን እንውሰድ። ለኛ አንድ ሥራ ነው፤ ለሱ ግን ሰባት ስምንት ሥራ ነው። የሚያስገርመው ትምህርቱ የሚጀምረው ከመጨረሻው መሆኑ ነው። መምህርቷ ራሱን ታስገባለታለች፤ ሁለት እጆቹን ታስገባለታለች፤ እስከ ደረቱ ታወርድለታለች፤ የቀረችውን ወደ ታች መሳብ ብቻ ለሱ ትተውለታለች። ይስባል፤ "ለበስክ!" ይባላል፤ ይጨበጨብለታል፤ እሱም ያጨበጭባል። ያችን ሲለምድ ከዚያ በፊት ያለችው ትጨመርለታለች። በዚህ መንገድ ልጁ ሁልጊዜ ሥራውን በገዛ እጁ ጨርሶ ይነሣል። በኛ ቤት ግን ተቃራኒው ነበር። ሲጀምር አይተን፣ ሲያቅተው ተቆጥተን፣ ከእጁ ነጥቀን እናለብሰው ነበር። ለዓመታት ያስተማርነው አለመቻልን ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የቀኑ ሥራ በሥዕል ተሥሎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ መጀመሪያ እጅ መታጠብ፣ ቀጥሎ ትምህርት፣ ቀጥሎ ምሳ፣ ቀጥሎ ጨዋታ፣ በመጨረሻ ወደ ቤት መሄድ። አንዱ ሲያልቅ ሥዕሉ ይገለበጣል። ማንበብ የማይችለው ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን በዐይኑ ያያል። እኛ "እልኸኛ ነው" የምንለው ጩኸት ብዙ ጊዜ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ካለማወቅ የሚነሣ ፍርሃት እንደነበረ ያን ጊዜ ገባን።

አራተኛ፣ ገንዘብ የሚማሩት በእውነተኛ ሳንቲም ነው። 10 እና 20 ሺሊንግ ይዘው ከመምህራቸው ጋር ሱቅ ይሄዳሉ፤ ይገዛሉ፤ መልስ ይቀበላሉ። ጎረምሶቹና ኮረዶቹ ደግሞ ዶቃ መሰካት፣ ምንጣፍ መሥራት፣ ዳቦ መጋገርና አትክልት መንከባከብ ይማራሉ። ከዚህም በላይ ሰውነታቸውን ማን መንካት እንደሚገባውና እንደማይገባው፣ የማይገባ ሰው ሲነካቸውም መጮህን ይለማመዳሉ። ይህ ትምህርት ለኛ ሠፈር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ማብራራት አይጠበቅብንም። ክፉ ሰው የሚመርጠው መናገር የማይችለውን ነው።

አምስተኛ፣ ልጅ ሲወድቅ ማንም አይደነግጥም። በጎኑ ያስተኙታል፤ ራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ያደርጋሉ፤ አፉ ውስጥ ምንም አያስገቡም፤ ሰዓት ይመለከታሉ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት ይወስዱታል። ስለ ክብሪቱ ስንነግራቸው በትሕትና "ጭሱ ልጁን ያፍነዋል እንጂ አይረዳውም" አሉን። መድኃኒቱንም "ዛሬ ደኅና ነው" ብለን እንዳናቋርጥ አስጠነቀቁን። ጠበሉን ማንም ተው አላለንም። ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ ሌላውን አያባርርም።

ይህን ሁሉ ስናወራ ትምህርት ቤቱ ገነት ነው ማለታችን እንዳይመስላችሁ። ለአንዲት መምህር የሚደርሷት ልጆች ብዙ ነበሩ። ትምህርቱ በነጻ ቢባልም የምሳና የመጓጓዣ ወጪ ነበረብን፤ በዝናብ ቀን ልጃችንን አይቶ "ሞልቷል" የሚል የማታቱ ረዳትም አልጠፋም። ከሁሉ ያሳዘነን ግን እዚያው የሚያድሩት አንዳንድ ልጆች ትምህርት ሲዘጋ ሻንጣቸውን ይዘው በር በር ሲያዩ ውለው ወሳጅ ማጣታቸው ነው። ትምህርት ቤትም መደበቂያ ሊሆን ይችላል፤ ልጁን ከዓይን ለማራቅ የሚያስገባው ወላጅ ገመዱን አስረዘመው እንጂ አልፈታውም። የኬንያ መንግሥትም በ2018 ባወጣው ፖሊሲ እነዚህ ልጆች በተቻለ መጠን ከሌሎች ልጆች ጋር አብረው እንዲማሩ ወስኗል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን መምህሩ ሳይዘጋጅ በሩ ብቻ ቢከፈት ልጁ ከኋላ ወንበር ተረስቶ እንዳይቀር ያሠጋል።

የመኖሪያ ፈቃዱም ኪራዩም አላወላዳ ብሎን በ2024 መጨረሻ ወደ ካኩማ ተመለስን። ልጃችን ከሁለት ዓመት በላይ ተምሮ ምን ይዞ መጣ? እንዳናጋንን በቁጥር እንናገር። ራሱ ይበላል። ራሱ ይለብሳል፤ ቁልፍ መቆለፍ ግን ገና ያስቸግረዋል። ሽንት ቤት ራሱ ይሄዳል። በ5 ሊትር ጀሪካን ውኃ ይቀዳል። እያጨበጨበ እስከ አምስት ይቆጥራል። 10 ሺሊንግን ከ20 ይለያል። ወደ ሃያ የሚሆኑ ቃላት ይናገራል፤ ግማሹ አማርኛ ግማሹ ስዋሂሊ ነው። አያነብም፤ ምናልባትም አያነብ ይሆናል። በወር ብዙ ጊዜ ይጥለው የነበረው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ከወሰደ ወዲህ እጅግ ቀንሷል። ይህ ለሌላው ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለኛ ግን ራሽን ለመቀበል ሁለታችንም ተሰልፈን፣ እሱ ከእኅቱ ጋር በሩ ክፍት ሆኖ ቤት መዋል ችሏል ማለት ነው። ገመዱንም አልጣልነውም፤ ከቤቱ ጥግ እስከ ግራሩ ወጥረነዋል። የታጠበ ልብስ የሚያሰጣበት እሱ ነው።

እኛ ከናይሮቢ ያመጣነው ዋና ነገር ይህ ነው። እዚያ ያየነው ሥራ ልዩ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው ልጁ ይማራል ብሎ የሚጠብቅ ሰው፣ የተከፋፈለ ሥራ፣ በየቀኑ የማይቋረጥ ድግግሞሽና ትዕግሥት ነው። ከእነዚህ መካከል ከናይሮቢ በመኪና ተጭኖ መምጣት ያለበት የትኛው ነው? ጨርሶ ርዳታ አያስፈልገንም አላልንም፤ መድኃኒትም፣ የሠለጠነ መምህርም፣ ክፍልም ያስፈልገናል፤ ለሚመለከታቸውም ማመልከታችንን አናቋርጥም። ነገር ግን ያ እስኪመጣ ልጁ ታስሮ መጠበቅ የለበትም።

ስለዚህ ከመምህርቷ የተማርነውን በየማክሰኞውና በየሐሙሱ ከቀትር በኋላ በግቢያችን ዳስ ሥር እንሞክራለን። እስካሁን አራት ልጆች ይመጣሉ። ማንኪያ፣ ካናቴራ፣ ሳሙና፣ ጥቂት ሳንቲምና በከሰል የተሣሉ ሥዕሎች አሉን። አንዲት የሠፈራችን ወጣት ክራር ይዛ ትመጣልናለች፤ ማጨብጨብ የማይወድ ልጅ አላገኘንም። እናቶችና አባቶች፣ ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ አምጡት። የማንን ቤት እንደምናውቅ አንናገርም፤ እኛን "እንዴት ታስራላችሁ?" ብሎ ያልተቆጣን ሰው ስላገኘን እኛም ማንንም አንቆጣም። በቀን ልጁን ይዞ መውጣት የሚከብደው ሲመሽ ብቻውን ይምጣና ያነጋግረን።

የልጃችንን ስም እዚህ ያልጻፍነው ልንደብቀው አይደለም። ስትመጡ በር ላይ የሚቀበላችሁ እሱ ነው፤ ጠይቁትና ቀስ ብሎ ራሱ ይነግራችኋል።

ቸር ያገናኘን።